መስታወት የሚስተካከለው ለማን ነው

መስከረም 19 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? አክስቴስ እንዴት ናት? መርፌና ክሯ፣ ደንበኞቿስ ደህና ናቸው? እኔ እንደተለመደው ቀኑን ሙሉ ስወጣና ስወርድ ደህና ነኝ። ሊፍት እጠግናለሁ ስል የሰማኝ ሁሉ "ከፍ ከፍ ብለሻላ" ይለኛል። ቀልዱ አያረጅም፣ እኔ ግን እያረጀሁበት ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሳጥን ይደርስዎታል። በውስጡ ያለው የአባቴ መስታወት ነው። በሹራቡ ጠቅልዬዋለሁ። ሹራቡም እዚያው ይቅር፤ እኔ ልለብሰውም ልጥለውም አልቻልኩም።

አባቴ ከማረፉ በፊት በነበሩት ዓመታት ከሥራ ሲመለስ ኮከብ ማያ ቴሌስኮፕ ከመሥራት ሌላ ጉዳይ አልነበረውም። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ክብ መስታወት አስቀምጦ፣ በላዩ ሌላ መስታወት ደርቦ፣ በመሐል የሚፍቅ ዱቄትና ውሃ እየጨመረ ጠረጴዛውን እየዞረ ሲፈገፍግ ያመሻል። ጎረቤት "ሰውየው ድንጋይ ይቀቅላል" ይል ነበር። መሐሉ ጎድጎድ አለ፣ ለሰለሰ፣ በመጨረሻም ብር እንዲቀባ ለባለሙያ ሰጠው። ቱቦውን ሳይሠራ ታመመ። እኔ የምኖርበት ክፍል መስኮት የሚያሳየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ ሰማይ የሚባለው ነገር ከላይ እንደ ቀበቶ ቀጥኖ ያልፋል። እርስዎ ግቢ አለዎት፣ እጅም አለዎት።

ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። መስታወቱ ያያል ወይስ አያይም? እንዲያጽናኑኝ አልፈልግም። አልጋ ላይ ሳለ አንድ ቀን "ጥሩ ሳይሆን ቢቀርስ?" ብሎኝ ነበር፤ አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም።

አሠራሩን እሱ እንዳስረዳኝ እነግርዎታለሁ። ትልቁ መስታወት ከቱቦው ግርጌ ይቀመጥና ከላይ የሚመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። አብሬ የላክኳት ትንሿ ጠፍጣፋ መስታወት ከቱቦው አፍ አጠገብ ጋደል ብላ ትሰቀልና ብርሃኑን በጎን በኩል ወደ ዓይን ታወጣዋለች። ሁለቱ በትክክል ካልተያዩ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። በትልቁ መስታወት መሐል ላይ ጥፍር የምታህል የወረቀት ቀለበት ይለጥፉ፤ ማነጣጠሪያዎ እሷ ናት። በጎን ባለው የዓይን ማያ ላይ ደግሞ መሐሉ የተበሳ ክዳን ይግጠሙ። በቀዳዳዋ በአንድ ዓይን እያዩ፣ ከትልቁ መስታወት ጀርባ ያሉትን ሦስት ብሎኖች እያጠበቁና እያላሉ፣ ቀለበቷን ልክ መሐል ላይ ማምጣት ነው።

መውጣት መግባታችሁን ይባርክ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ቱንቢ ብለው የሰየሙኝ

*

ጥቅምት 28 ቀን

ለዓይኔ፣ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ መንገድ ሳይዘጋበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። መኪናውም ደህና ነው፤ ፍሬኑ ተቀይሮለታል። ተሳፋሪዎች አሁንም "ጋሼ ቀስታ" እያሉ ያሙኛል። ያማሉ እንጂ ትኬት ሲቆርጡ "የጋሼ ቀስታ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ገብተው ይተኛሉ። ተሳፋሪ የሚተኛለት ሾፌር መሆን ቀላል አይደለም።

ሳጥኑ ደረሰ። ሹራቡን አክስትሽ አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። መስታወቱን ብድግ አድርጋ ፊቷን ብታይበት አንዴ ገዝፋ፣ አንዴ ተዘቅዝቃ ታየች። "ወንድምህ ይህን ሁሉ የደከመው እኔን ለመገልበጥ ነው?" ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ወደ ስፌቷ ሄደች።

ቱቦውን ሠርቼዋለሁ። የፍሳሽ መስመር ከሚዘረጉ ሰዎች ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ አገኘሁና ውስጡን ጥቁር ቀባሁት። መቀመጫውን ከኮምፔንሳቶ ቆረጥኩ፣ ከብሎኖቹ ሥር የሚገባውን ሞላ ጋራዥ ውስጥ ከወዳደቀ ዕቃ ለቃቀምኩ። ግቢያችን ውስጥ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ቆሟል። አክስትሽ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ትለኛለች።

ስለ ማስተካከሉ አታስቢ። አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መስታወት ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስፖኪዮም መስታወት ነው፤ ወንበሬ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እስኪያሳየኝ ድረስ አዞረዋለሁ፣ አለቀ። ቀለበቷንም እንዳልሽው ለጥፌ ነበር፤ ግን በቀዳዳው አጮልቄ ሳይ የለችም። ወድቃለች መሰለኝ። የእኛ አገር ሙጫ እንደምታውቂው ነው፤ ለአንድ ቀን ያፈቅራል፣ በማግስቱ ይፈታል። እዚያ ጥሩ ሙጫ ካለ ላኪልኝ። ሌላ የሚያስፈልገኝ ነገር የለም።

እጅሽ አይዛል፤ ገመድሽ አይላላ።

አጎትሽ

*

ኅዳር 20 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ሰሞን አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የሊፍት ሐዲድ እያቃናን ነው። ከላይ እስከ ታች ቱንቢ ጥለን ሐዲዱ ከክሩ ዘንበል ባለበት ሁሉ በስስ ቆርቆሮ እየደገፍን እናቃናለን። አለቃዬ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ዓይንሽን አትመኚ፣ ክሩን እመኚ።" ስሜን የሚያውቅ ይመስል።

ሙጫውን ልኬአለሁ። የመኪና መስታወት የሚለጥፉበት ስለሆነ ጣትዎን ይጠብቁ፤ ከቱቦው ጋር ተጣብቀው መስመር እንዳይወጡ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። መጀመሪያ ትንሿን መስታወት ነው የሚያስተካክሉት፤ ትልቁ ሙሉውን፣ ከነክብ ጠርዙ በውስጧ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትልቁ የሚሄዱት። ግራው ብሎን ጠበቅ፣ ቀኙ ላላ እያለ ቀለበቷ ወደ መሐል ትመጣለች። አባቴ ሲያስረዳኝ በድስት ክዳንና በእጅ መስታወት ነበር የሚያሳየኝ። በጣም ይታገሠኝ ነበር፤ ለእናቴ ግን እንዲያ አልነበረም፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጨረቃን ካዩ ወዲያው ይጻፉልኝ። ለአክስቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ቱንቢ

*

ታኅሣሥ 30 ቀን

ለዓይኔ፣

ሙጫው ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድ ሙጫ ነው። ቱቦውን ሳልፈታ፣ ቀለበቷን በዘንግ ጫፍ አድርጌ እንደገና ለጠፍኩና አንድ ቀን አደረቅኩት። በቀዳዳው ሳይ አሁንም የለችም፤ ሌላም ጨምሬ ለጠፍኩ፣ እሷም የለችም። ጉድ ነው። ምናልባት ቱቦው ውስጥ ጨለማ ስለሆነ ይሆናል፤ ጠንከር ያለ የእጅ ባትሪ ብትልኪልኝ ጥሩ ነበር። ትልልቅ አድርጎ የሚያሳይ የዓይን ሌንስም ካገኘሽ አይከፋም።

አንቺም ግራ ስትዪ የማን ግራ ነው? ሾፌር አንድ ግራ ብቻ ነው ያለው፤ መሪ ጨብጦ ወደ ፊት ሲያይ ያለው። አክስትሽ ከቱቦው አፍ በኩል ቆማ "ወደ ግራ" ትለኛለች፣ እኔ ከጀርባ ሆኜ የራሴን ግራ አጠብቃለሁ። "አይ፣ ባሰ" ትላለች። ቀኝ አጠብቃለሁ፣ "እሱማ ከፋ" ትላለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁለቱ መስታወቶች አልተያዩም፣ እኛም ተኮራርፈናል። ግራ ገባን ማለት ይህ ነው።

በመጨረሻ የተበሳውን ክዳን አንሥቼ ጣልኩት። ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ምንም አያሳይም። ክዳን ሳይኖር ራሴን ወደ ጎን ዘንበል አድርጌ ሳይ ግን ቀለበቷ ብቅ አለች። አንዴ ካገኘኋት በኋላ ሌላው ቀላል ነበር፤ ለእኔ እስኪስማማኝ አዞርኩት። ሥራ ላይም እንዲሁ ነው። ተለዋጬ ሾፌር በየጊዜው ያማርረኛል፤ መኪናውን ከእኔ ሲረከብ የቀኙ ስፖኪዮ ወደ ውጭ በጣም ዞሮ የአጥር ግድግዳ ብቻ ነው የሚያሳየው ይላል። እኔም ስፖኪዮ ለሾፌሩ ነው የሚስተካከለው፣ ለራስህ አዙረው እለዋለሁ።

ጨረቃን ገና አላየኋትም፤ ደመና ነው።

አጎትሽ

*

ጥር 24 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንዴት ናችሁ? ባትሪውንና ሌንሱን ልኬአለሁ።

የማን ግራ ለሚለው ጥያቄዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግራ ማለት ከትልቁ መስታወት ጀርባ፣ ብሎኖቹ ጋ ቆመው ያለው ግራ ይሁን። የማን እንደሆነ እንዳይረሳ "የቱንቢ ግራ" ብለው ይጥሩት። ከአክስቴ ጋርም ይታረቁልኝ።

አጎቴ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅዎ። ሙጫውን፣ ባትሪውን፣ ሌንሱን የሚጠይቁኝ ነገሩ እንደማይሆን አውቀው ጊዜ ለመግዛት ከሆነ፣ አያስፈልግም። መስታወቱ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ይበሉኝ። አባቴ የመጨረሻ ዓመታቱን በእሱ ላይ እንዳጠፋ እያወቅኩ መኖር እችላለሁ። የማልችለው ሳላውቅ መኖርን ነው። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቁጥር መጀመሪያ የማነበው የመጨረሻውን አንቀጽ ነው፤ "አላየሁም" ይላል፣ ከዚያ ተመልሼ ከላይ እጀምራለሁ።

ክዳኑን ግን ይመልሱት። የተሠራው ዓይን መሐል ላይ እንዲቀመጥ ነው።

ቱንቢ

*

የካቲት 26 ቀን

ለዓይኔ፣ ለወንድሜ ልጅ፣

የምሥራች ልበልሽ። ጨረቃን አየኋት። ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ወጣች፣ ቱቦውን አዞርኩ፣ ራሴን እንደለመድኩት ወደ ጎን አዘነበልኩ፣ አየኋት። ነጭ ናት፣ ጉድጓዶች አሏት። የአባትሽ መስታወት ያያል። በቃ፣ ከእንግዲህ እንቅልፍሽን ተኚ።

አክስትሽ ግን አየችና "የሳሙና ውሃ ይመስላል" አለች። በአንድ በኩል ጥላ አለ፣ በሌላው በኩል ጭራ ያወጣል አለችኝ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስታስገባ የምትውል ሴት ሰማይ ላይ ምን ታውቃለች ብዬ ተውኳት። በማግስቱ ተለዋጩ ሾፌር ሊጠይቀን መጥቶ እሱም አየ፤ እሱም ያንኑ አለ። ተመካክረው ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ ጭራ የሚባል ነገር አላየሁም። ማየት አያውቁበትም፤ ራስን ማዘንበል ያስፈልጋል ብላቸው ሳቁብኝ።

ሳቅ ካነሣን፣ ይህንንም ስሚ። አክስትሽ አቧራ ልጥረግ ብላ ወደ ቱቦው ግርጌ አጎንብሳ ስታይ ትልቁ መስታወት መሐል ላይ ሦስት የወረቀት ቀለበቶች ተደራርበው ተለጥፈዋል። የመጀመሪያው በእኛው ሙጫ፣ ሁለቱ በአንቺ ሙጫ። ለካ አንዱም አልወደቀም። "ሦስቴ የታሰረ ሙሽራ አይቼ አላውቅም" እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራችብኝ። የአገራችንን ሙጫ በከንቱ አማሁት፣ ያንቺንም በከንቱ አስላክኩሽ፤ ይቅርታ።

ሌላ የሚያስፈልገኝ ነገር የለም።

አጎትሽ

*

መጋቢት 15 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀለበቶቹ ጋ ስደርስ ግን ደስታዬ ቆመ፤ የቀሩትን ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው።

ሲጽፉልኝ ቀለበቷ የለችም አሉኝ፤ ነበረች። ሙጫ ጠየቁኝ፣ ሙጫው ደህና ነበር። ብርሃን ጠየቁኝ፣ ከዚያ ትልልቅ አድርጎ የሚያሳይ ሌንስ ጠየቁኝ። በቀዳዳው በኩል በአንድ ዓይን ሲያዩ ትጠፋለች፣ ራስዎን ወደ ጎን ሲያዘነብሉ ብቅ ትላለች። የትኛውን ዓይን ነው ቀዳዳው ላይ የሚያደርጉት? ቀኙን ይመስለኛል፤ ስፖኪዮውም የቀኙ ነው።

ስፖኪዮ ለሾፌሩ ይስተካከላል፣ እውነትዎን ነው። ሾፌር ሲቀየር ስፖኪዮም ይዞራል። የአባቴ መስታወቶች ግን ለማንም ዓይን አይስተካከሉም፤ የሚስተካከሉት አንዱ ለሌላው ነው። እነሱ በትክክል ከተያዩ አክስቴም ትምጣ፣ ጎረቤትም ይምጣ፣ ያያል። እርስዎ ብቻ የሚያዩበት ሆኖ ሌላው ሁሉ የሳሙና ውሃ ከታየው፣ ያስተካከሉት ለራስዎ ዓይን ነው ማለት ነው። ዓይንዎ መሐሉን ቢያይ ኖሮ እንዲያ አያደርጉም ነበር።

ሐኪም አይደለሁም። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ሲደርሱ፣ ሞተር ከማስነሣትዎ በፊት፣ ከመኪናው ፊት ቆመው ግራ ዓይንዎን በእጅዎ ይሸፍኑና ታርጋውን ያንብቡ። ካነበቡት እኔ ሞኝ ነኝ፣ ይሳቁብኝ። ካላነበቡት እባክዎ ያን ቀን አይንዱ።

የአባቴን መስታወት ለጊዜው ይርሱት።

ቱንቢ

*

ግንቦት 11 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሥራ በዝቶ መልስ ዘገየ።

መስታወቶቹን በሹራቡ ጠቅልዬ ሳጥናቸው ውስጥ መልሻቸዋለሁ። ቱቦው ውስጥ አክስትሽ የጨርቅ ጥቅል ታቆምበታለች።

መሪ ከያዝኩ ጀምሮ ዶሮ እንኳ ገጭቼ አላውቅም። ሐኪም መሆንሽንም አላወቅኩም ነበር፤ ሊፍት ጠጋኝ መስለሽኝ ነበር።

አክስትሽ ሰላም ብላሻለች። ይህን የመጨረሻ ደብዳቤሽን አላነበበችውም።

አጎትሽ

*

ሰኔ 9 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን አሉ? ይህን ስጠይቅ እንደ ወትሮው ለወጉ አይደለም።

ታርጋውን አነበብኩት ብለው ቢጽፉልኝ አምንዎት ነበር። አላሉም። ስለ ዶሮ ነገሩኝ፣ ስለ ታርጋው ግን ዝም አሉ።

ለአክስቴ ለብቻዋ መጻፍ እችላለሁ፤ አስቤበታለሁ፣ ወረቀትም አውጥቼ ነበር። አልጽፍም። ከሌላ ሰው አፍ ብትሰማው የሚያማት ዓይንዎ ሳይሆን መደበቅዎ ነው። ስለዚህ የምለው ለእርስዎ ብቻ ነው።

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። ገመዱ ክር በክር መበጠስ ሲጀምር ሊፍቱ ምንም አይለወጥም። ትናንት እንደወጣው ዛሬም ይወጣል፣ ሰዎች እያወሩ ይገባሉ፣ እያወሩ ይወጣሉ። እኛ ግን አይተነዋልና ዋናውን ማብሪያ አጥፍተን በሩ ላይ "አይሠራም" የሚል ወረቀት እንለጥፋለን። ትናንት ይሠራ ነበር እያሉ ይሰድቡናል። እውነታቸውን ነው፣ ይሠራ ነበር። ወረቀቱን ግን አናነሣም።

ተሳፋሪዎችዎ ይተኛሉ ብለውኛል። የሚተኙት ዓይንዎን አምነው ነው።

ተቆጥቼብዎታለሁ። ከቁጣዬ ይልቅ ፍርሃቴ ይበልጣል። አባቴን ቀብሬአለሁ፤ ከእሱ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። መስታወቱ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ መልሱን ሳላውቅ መኖር አልችልም ያልኩት ውሸት ነበር፤ እችላለሁ።

ቱንቢ

*

ጥቅምት 2 ቀን

ለዓይኔ፣ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ በግራ በኩል ይድረስሽ፤ በቀኝ በኩል ከመጣ ላላየው እችላለሁ። አክስትሽ ይህን ቀልድ አትወደውም፣ አንቺ ግን ትችይዋለሽ ብዬ ነው።

ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። የሰኔው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላም ብዙ ጊዜ ነድቻለሁ። አንድ ጠዋት መናኸሪያው ገና ጭር ባለበት ከመኪናው ፊት ቆምኩና ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ። ታርጋው አለ፤ ዙሪያው ይታያል፣ ብሎኖቹ ይታያሉ፣ ቁጥሮቹ ግን የሉም። አንድ ሰው በጣቱ ያደበዘዛቸው ይመስላል። ቀለበቷንም የበላት ይኸው ነው። እጄን ሳነሣ ቁጥሮቹ ተመለሱ። ያን ቀን ሞተር አላስነሣሁም። ሆዴን አመመኝ አልኩና ወደ ቤት ሄድኩ።

ለአክስትሽ ነገርኳት። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ ውሃ ስቀዳ ከብርጭቆው ጎን ማፍሰስ ከጀመርኩ መቆየቴን እንዳየች፣ እስክነግራትም ትጠብቅ እንደነበር ነገረችኝ። "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለችኝና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ተነሥታ ጫማዋን አደረገች፣ ሐኪም ቤትም አብረን ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ነው ያስረዳችኝ። የቀኝ ዓይኔ መሐል ጠባሳ አለው፤ ዳር ዳሩ ያያል፣ መሐሉ አይመለስም። ሁለቱም ሲከፈቱ ግራው ለቀኙ ይሸፍንለታል፣ ለዚህ ነው ሳላውቀው የቆየሁት። ከመቼ ጀምሮ እንደጠረጠርኩ ግን አልጠየቀችኝም። ሰው የሚጭን ሾፌር ግን በአንድ ዓይን እንዲነዳ ሕጉ አይፈቅድም። ግራው ደህና ነው፣ እየተመላለስኩ አሳየዋለሁ። እንዲህ ነው ነገሩ። በሦስተኛው ቀን አክስትሽ የጨርቅ ጥቅሎቿን አውጥታ ቱቦውን ግቢው ውስጥ አቆመችልኝ።

መስታወቶቹንና ክዳኑን መልሰን ገጠምን። ከቀለበቶቹም ሁለቱን በምላጭ አንሥተን አንዷን ተውናት፤ የሙጫሽን ጥንካሬ ያን ጊዜ አየሁት። በዚህኛው ዙር ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ያደረገችው አክስትሽ ናት፤ እኔ ከጀርባ ተንበርክኬ ብሎኖቹን ያዝኩ። መሸት ሊል ሲል ነበር። እንዳለፈው ልንኮራረፍ ነው ብዬ ነበር።

"ወደ ግራ" አለች።

"የማን ግራ?" አልኳት።

"የቱንቢ ግራ።"

ጠበቅ አደረግኩ። "ተወው፣ ደረሰ" አለች። ሦስቱም ብሎኖች ላይ እንዲያ እየተባባልን ሄድን፤ እኔ ምንም ሳላይ፣ እሷ ብሎን ሳትነካ። ከዚያ ክዳኑን አንሥተን ሌንሱን አስገባንና ቱቦውን ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ጎላ ብላ ወደምትታየው ኮከብ መለስነው። አክስትሽ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዓይኗ እየቀያየረች አየች። መስታወቱ መጥፎ ነው፣ እንዴት እንደምትነግረኝ ነው የምታስበው ብዬ አንቺን አሰብኩ።

"ላሟ እዚያው ናት። ቀለበት አድርጋለች" አለች።

ለካ ሳተርን ናት። እኔም በግራ ዓይኔ አየኋት። ክዳኑ ዓይንን የሚያስቀምጥበት መሐል ላይ፣ ራሴን ሳላዘነብል። ትንሽ ናት፣ ጠርዟ እንደ አዲስ ሳንቲም የጠራ ነው፣ ቀለበቷም ከአካሏ ተለይቶ በመሐላቸው ጥቁር ክፍተት ይታያል። ተለዋጩ ሾፌርም መጥቶ አየ፣ የልብስ ስፌት ደንበኞችም አዩ፣ ማንም ራሱን ማዘንበል አላስፈለገውም። እንግዲህ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ያለፈው ምስክርነቴ አይቆጠርም፤ ያን ጊዜ ያየሁት ዳር ዳሩን ነበር። የአሁኑ ግን የሁላችንም ነው። የአባትሽ መስታወት ያያል። ወንድሜ ድንጋይ አልቀቀለም።

መኪናውን ትናንት ለተለዋጩ ሾፌር አስረከብኩት። ሹራቡንም ለብሼ ነው የሄድኩት፣ ጠዋቱ ይበርድ ነበር። ቁልፉን ሰጠሁትና ስለ ፍሬኑ፣ ቁልቁለቱ ላይ ስለሚያስቸግረው ማርሽ ነገርኩት። ተሳፋሪዎቹ ገቡ። አንዲት ሴትዮ "የጋሼ ቀስታ አይደለም እንዴ?" ብላ ጠየቀች፣ ረዳቱ አይደለም አላት፣ እሷም ትንሽ አመነታችና ገባች። ተለዋጩ ሾፌር ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሣና ሊሄድ ሲል በመስኮቱ በኩል አስቆምኩት። የቀኙን ስፖኪዮ ለራሱ አዙሮ እስኪያስተካክል ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩት።

አጎትሽ